የመሸበት መንገደኛ ቤት፦ በሕንድ አገር ለምትማሩ ኢትዮጵያውያን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣

ከእናንተ መካከል አግራን ሳያይ የሚመለስ የለም ማለት ይቻላል። ያስተማርኳቸው ልጆች ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ሕንድ በሄዱ በጥቂት ወራት ውስጥ ከታጅ ማሃል ፊት ለፊት የተነሡትን ፎቶግራፍ ይልኩልኛል። እኔም በተማሪነቴ እዚያው ቦታ ላይ ቆሜ ተነሥቻለሁ፤ ፎቶግራፉን እናቴ እስከ ዛሬ ከሳሎኗ ግድግዳ አላወረደችውም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ታጅን አትዩ ለማለት አይደለም። ያን ሕንፃ ያቆሙ ሰዎች የሠሩትን ሌላውን ሥራ፣ ሰራይ የሚባለውን የመንገደኛ ማደሪያ፣ ሳታዩ ወደ አገር ቤት እንዳትመለሱ ለመለመን ነው።

ከታጁ ትልቅ በር ግራና ቀኝ ወደ ላይ የሚወጣውን፣ ከቅስቱም በላይ የሚያልፈውን ጥቁር ጽሕፈት አስታውሱት። ነጩ እብነ በረድ ተፈልፍሎ በጥቁር ድንጋይ የተሞላ የቁርኣን ቃል ነው። የጻፈው ከሺራዝ የመጣ አማናት ኻን የተባለ የቁም ጽሕፈት ሊቅ ነው። በዚያ ሁሉ ሕንፃ ላይ ስሙን አኑሮ የሄደ ባለሙያ እርሱ ብቻ ነው። ወንድሙ አፍዛል ኻን የንጉሠ ነገሥቱ የሻህ ጃሃን ዋና ሚኒስትር ነበር። በ1639 ወንድሙ ሲሞትበት አማናት ኻን ቤተ መንግሥቱን ትቶ ወደ ፑንጃብ ሄደ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እዚያም ከአግራ ወደ ላሆር በሚወስደው የነጋዴ መንገድ ዳር፣ ዛሬ ታርን ታራን በሚባለው አውራጃ፣ ለመንገደኛ ማደሪያ አሠራ። በበሮቹ ላይ በቀለም ባበራ ሸክላ የእጅ ጽሕፈቱን አኖረ። መቃብሩም ከዚያው አጠገብ ነው።

ቦታው ሰራይ አማናት ኻን ይባላል። ለንግሥት መቃብር ለታጅ የጻፈው እጅ ሐዘኑን ይዞ የሄደው መንገደኛ ወደሚያድርበት ቤት ነው። በዚያ ዘመን ሕንድን ስለ ገዙት ነገሥታት፣ ስለ ሙጋሎች፣ ሕንፃ በተማርኳቸው ዓመታት ሁሉ ከዚህ የበለጠ ልቤን የነካ ነገር አላገኘሁም።

«ሰራይ» የፋርስ ቃል ነው፤ ቤት፣ ግቢ፣ ቤተ መንግሥትም ማለት ይሆናል። በሕንድ አገር ግን ትርጉሙ አንድ ሆኖ ቀረ፤ የመንገደኛ ማደሪያ። ደልሂ የምትማሩ ከሆነ ቃሉን በየቀኑ ትጠሩታላችሁ። ጂያ ሰራይ፣ ቤር ሰራይ፣ ካትዋሪያ ሰራይ፣ ላዶ ሰራይ፣ ዩሱፍ ሰራይ፤ የቤት ኪራይ ይሻላል ተብሎ ተማሪ የሚከማችባቸው እነዚህ ሰፈሮች ስማቸውን ያገኙት ከእንዲህ ዓይነት ማደሪያዎች ነው። የሌሊት አውቶቡስ የምትሳፈሩበት ሰራይ ካሌ ኻንም እንዲሁ። በባቡር ወደ ቫራናሲ የሄደ ሰው የሚያውቀው ትልቁ የሙጋልሰራይ ጣቢያ በ2018 ስሙ ተቀየረ እንጂ ከተማው የበቀለው ከሰራይ ነበር።

እኔ ፓቲያላ ከተማ ነበር የተማርኩት። ወደ ደልሂ ስሄድ ሻምቡ ከሚባል ቦታ አጠገብ ከመንገዱ ዳር አንድ የጡብ ቅጥር አያለሁ፤ ማዕዘኖቹ ላይ ግንብ አለው፣ በሩ ረጅም ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ምሽግ መስሎኝ አለፍኩት። በሦስተኛው ዓመት አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩ ጥምጣም ያሰሩ ሽማግሌ ወደ መስኮቱ አተኩሬ ሳይ አይተው፣ «ሰራይ ነው ልጄ፤ እንዳንተ ከሩቅ ለሚመጣ ሰው የተሠራ ነው» አሉኝ። በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። ይህ ደብዳቤ የዚያ ጉዞ ልጅ ነው።

ምሽግ መምሰሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ሰራይ አራት ማዕዘን ቅጥር ነው፤ ወደ ውጭ የሚያይ መስኮት የለውም። ብዙውን ጊዜ ሁለት በሮች አሉት፤ ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ መንገዱም በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። አንዱ «የደልሂ በር»፣ ሌላው «የላሆር በር» ይባላል፤ ሰው ከየት እንደ መጣና ወዴት እንደሚሄድ ግድግዳው ራሱ ይነግረዋል። በሩ የሚረዝመው ለክብር ብቻ አይደለም፤ ጭነቱን ያላወረደ ግመል በነፃነት እንዲገባ ነው። በውስጥ በኩል በአራቱም ግድግዳዎች ሥር ትናንሽ ክፍሎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ክፍል ከፊቱ ቅስት ያለው በረንዳ አለው፤ በሙቀት ወራት ሰው የሚተኛው እዚያ ነው። መካከሉ ሰፊ ሜዳ ነው፤ የውኃ ጉድጓድ፣ ትንሽ መስጊድ፣ የዛፍ ጥላ፣ የእንስሳት ማሰሪያ። በማዕዘኖቹ ያሉት ስምንት ጎን ግንቦች ውስጥ ደግሞ ሰፋ ያሉ ክፍሎች ይገኛሉ፤ ቤተሰብ ይዞ ለሚጓዝ ወይም ባለ ማዕረግ ለሆነ ሰው ይመቻሉ።

እናንተ በተለይ ሥነ ሕንፃ የምታጠኑ፣ ወደ አንዱ ክፍል ገብታችሁ ግድግዳውን በእጃችሁ ዳስሱት። ውፍረቱ ቀን የፀሐይን እሳት ይይዛል፣ ሌሊት ቀስ ብሎ ይለቃል። ጣሪያው በጡብ የተቀለሰ ቅስት ነው፤ እንጨት የለበትም፣ ስለዚህም አይነቅዝም፣ በእሳት አይያያዝም። በአራት መቶ ዓመት ውስጥ የወደቀው ሰው ጡቡን ነቅሎ የወሰደበት እንጂ በራሱ የፈረሰው ጥቂት ነው። መደገፊያ ደረጃው፣ መብራት የሚቀመጥበት የግድግዳ መስኮት፣ ዕቃ ማኖሪያው ሁሉ በሰው ልክ የተሠራ ነው። ታጅ ፊት ስቆም ትንሽነቴ ይሰማኛል። ሰራይ ውስጥ ስቀመጥ ቁመቴ የታወቀልኝ ይመስለኛል።

ሌሊቱስ እንዴት ያልፍ ነበር? በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን ሕንድ የኖረው ቬኒሳዊው ኒኮላኦ ማኑቺ ያየውን ጽፏል። ፀሐይ ስትጠልቅ በሮቹ ይዘጋሉ። ጎሕ ሲቀድ ዘበኛው ሦስት ጊዜ እየጮኸ እያንዳንዱ ሰው ንብረቱን እንዲቆጥር ያስጠነቅቃል። አንድም ነገር የጎደለበት ሰው ካለ ዕቃው እስኪገኝ በሩ አይከፈትም። ሁሉም «አልጎደለብኝም» ካለ ብቻ መዝጊያው ይገፋና ግመሎቹ እየተግተለተሉ ይወጣሉ። ምግብና አልጋ የሚያቀርቡት ባቲያራ የሚባሉ፣ ሙያው ከአባትና ከእናት የወረደላቸው ቤተሰቦች ነበሩ። ሚስቶቻቸው ምጣድ ጥደው ቂጣ ይጋግራሉ፣ የፈረስ ገፈራ ይቀቅላሉ፣ የኛን የጠፍር አልጋ የሚመስለውን በገመድ የተጠለፈ ቻርፖይ በየበረንዳው ይዘረጋሉ። የመንገደኛው ድካም የሚወጣው በእነርሱ እጅ ነበር፤ በየድንጋዩ ላይ የነገሥታት ስም ሲቀረጽ የእነርሱ ስም አልተቀረጸም።

ነገሥታቱንም ልጥቀስ፣ አንዱ በተለይ ሊቀር አይገባውም። ሼር ሻህ ሱሪ ሙጋል አልነበረም፤ እንዲያውም ሁለተኛውን የሙጋል ንጉሥ ሁማዩንን በ1540 አሸንፎ ከአገር ያስወጣ አፍጋናዊ ነው። ከዚያ በኋላ የገዛው አምስት ዓመት ብቻ ነው። በዚህች አጭር ዘመን ከቤንጋል ሶናርጋዎን እስከ ኢንዱስ ወንዝ ያለውን ጥንታዊ መንገድ አደሰ፣ በግራና በቀኙ ጥላ የሚሰጡ ዛፎች አስተከለ፣ በየሁለት ኮሱም ሰራይ አሠራ። አንድ ኮስ ሦስት ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ታሪኩን የጻፈው አባስ ኻን ሳርዋኒ የሰራዮቹን ቁጥር 1,700 ያደርሰዋል። በእያንዳንዱ ሰራይ ለሂንዱዎችና ለሙስሊሞች የተለየ ማረፊያ ነበረ፤ ለሂንዱዎቹ ውኃ የሚያቀርቡና ምግብ የሚያበስሉ ብራህማኖች (ከሂንዱ የካህናት ወገን የሆኑ ሰዎች) በመንግሥት ወጪ ተቀጥረው ነበር። ይህን ስሰማ የትውልድ ከተማዬ ትዝ ይለኛል። የክርስቲያን ሥጋ ቤትና የሙስሊም ሥጋ ቤት በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ተከፍተው፣ ደንበኞቻቸው ተቃቅፈው ሰላምታ ሲለዋወጡ ያደገ ሰው የሼር ሻህን አሳብ ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም። የሰውን ማዕድ ለይቶ፣ መኝታውን በአንድ ቅጥር ውስጥ አድርጎ፣ በሩን በአንድ ቁልፍ መዝጋት ነው። በየሰራዩ ሁለት ሁለት ፈረሶችም ለመልእክተኛ ተዘጋጅተው ይቆሙ ስለ ነበር መንገዱ ሰውን ብቻ ሳይሆን ወሬንም ያሳድር ነበር።

ሙጋሎቹ ዙፋኑን መልሰው ሲይዙ የጠላታቸውን ሥራ አላፈረሱም፤ ቀጠሉበት። የሁማዩን ልጅ አክባር የርቀት ምልክት የሚሆኑ ግንቦችን በየኮሱ ማቆም ጀመረ፤ ኮስ ሚናር የሚባሉት ናቸው። በሃርያና እርሻ መካከል ብቻቸውን ቆመው ታዩአቸዋላችሁ፣ አንዱ ደልሂ የአራዊት መጠበቂያው ግቢ ውስጥ ይገኛል። ልጁ ጃሃንጊር በ1605 ሲነግሥ አሥራ ሁለት ትእዛዞች አወጣ። ከእነርሱ አንዱ ሌብነትና ዝርፊያ በበዛበት፣ ከመንደር በራቀ መንገድ ላይ የየአካባቢው ገዢዎች ሰራይና መስጊድ እንዲሠሩ፣ ጉድጓድ እንዲያስቆፍሩ የሚያዝ ነው፤ ሰው እንዲሰፍርበት። ይህን ትእዛዝ ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ሽፍታ ያለበትን ጫካ በወታደር ማስከበብ ሁሉም ንጉሥ ያውቅበታል። ጃሃንጊር ግን ጨለማው ባለበት ቦታ መብራት የሚበራበት፣ ቂጣ የሚጋገርበት፣ ፈረስ የሚያነጥስበት ቤት እንዲቆም አዘዘ።

አሁን ወደ ኑርማሃል ልውሰዳችሁ። ጃላንዳርና ፋግዋራ አካባቢ የምትማሩ ብዙ ናችሁ፤ ከፊላውር ወደ ናኮዳር በሚወስደው መስመር ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሰራዩን ያሠራችው የጃሃንጊር ሚስት ኑር ጃሃን ናት። ታሪኳ ከመንገድ ይጀምራል። አባቷ ጊያስ ቤግ በአገሩ በኢራን ነገር ሲከፋበት ቤተሰቡን ይዞ ወደ አክባር ቤተ መንግሥት ተሰደደ። በመንገድ ተዘረፉ። ነፍሰ ጡር የነበረችው እናቷ ካንዳሃር ሲደርሱ በ1577 ሴት ልጅ ወለደች፤ ሚህር ኡን ኒሳ አሏት። አንድ የሲራራ አለቃ ደግ ሆኖላቸው ነው አግራ አካባቢ የደረሱት። ያቺ በስደት መንገድ የተወለደች ልጅ በ1611 ንግሥት ሆነች፣ ገንዘብ በስሟ ተመታ፣ በ1618 ደግሞ ሰራይ እንዲሠራ አዘዘች። የጃላንዳር ገዢ የነበረው ዛካሪያ ኻን አሠርቶ በ1620 ግድም ጨረሰው።

የምዕራቡ በር ከቀይ የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ፑንጃብ የጡብ አገር ስለሆነ ቀዩ ድንጋይ ከሩቅ ተግዞ የመጣ ነው። ፊቱ በሙሉ ተቀርጿል። ዝሆኖች፣ ጣዎሶች፣ ፈረሰኞች፣ ክንፍ ያላቸው ፍጥረታት፣ የሎተስ አበቦች። ለመቃብር ሳይሆን ለግመልና ለነጋዴ መግቢያ ይህን ያህል ጥበብ የፈሰሰበት በር ሌላ አላየሁም። በላዩ ላይ የፋርስ ግጥም አለ። ግጥሙ የንግሥቲቱን ስም ያነሣና ሰራዩ የተጀመረበትንና የተፈጸመበትን ዓመት በአኃዝ ሳይሆን በፊደል ይናገራል። የመጨረሻው ሐረግ ፊደላት ዋጋቸው ሲደመር በእስላማዊው አቆጣጠር የሂጅራውን ዓመት ይሰጣል፤ 1028 ለመጀመሪያው፣ 1030 ለፍጻሜው። የስም ፊደል እየቆጠሩ ዕጣ የሚያወጡ ደብተራዎችን የሚያውቅ ሰው በዚህ ጥበብ አይደናገርም። ልዩነቱ እዚህ ፊደሉ የተቆጠረው የሰው ዕድል ለማወቅ ሳይሆን መንገደኛው ቤቱ መቼ እንደ ተሠራለት እንዲያውቅ መሆኑ ነው።

ኑር ጃሃን አግራ አጠገብም ሌላ ሰራይ ነበራት። በ1630ዎቹ ያየው እንግሊዛዊው ነጋዴ ፒተር ማንዲ ከሁለት እስከ ሦስት ሺህ ሰውና አምስት መቶ ፈረስ ይይዛል ብሏል። የሻህ ጃሃን ልጅ ጃሃናራ ደግሞ ደልሂ ቻንድኒ ቾውክ ላይ አንድ፣ ፔሻዋር ጎር ኻትሪ ላይ ሌላ አሠራች። ከእነርሱ ቀድሞ የሁማዩን ሚስት ሃጂ ቤገም በባሏ መቃብር አጠገብ ያሠራችው አረብ ሰራይ ዛሬም በሩ ቆሟል። የሙጋል ሴቶች ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጠው ቀሩ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወደ እነዚህ በሮች ውሰዱት።

የጃሃናራን ሰራይ የምናውቀው ፍራንሷ በርኒዬ በተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ምስክርነት ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ወደ እኛ ይመለሳል። በርኒዬ ከካይሮ ሲነሣ አሳቡ ጎንደር መግባት ነበር። ኢየሱሳውያን ከተባረሩ በኋላ ካቶሊክ በዚያ አገር በሰላም እንደማይኖር ቀይ ባሕር ላይ ሲነግሩት አሳቡን ቀይሮ የምዕራብ ሕንድ ወደብ ወደ ሆነችው ወደ ሱራት በሚሄድ መርከብ ተሳፈረ። እርሱ ያልደረሰበት ጎንደር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደልሂ ድረስ መጣለት። ዐፄ ፋሲል የሻህ ጃሃን ልጅ ወደ ሆነው ወደ ንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብ የላኳቸው መልእክተኞች፣ አንድ ሙስሊም ነጋዴና ሙራድ የተባለ አርመናዊ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ሱራት ገቡ። የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ የተሞላ የበሬ ቀንድ፣ የሜዳ አህያ ቆዳ ይዘው ነበር። በ1664 መጀመሪያ የሙጋሎች ተቀናቃኝ የነበረው የማራታዎች መሪ ሺቫጂ ሱራትን ሲዘርፍ እነርሱም ከከተማው ጋር ተዘረፉ። የተረፋቸውን ይዘው ረጅሙን የነጋዴ መንገድ ወደ ደልሂ ተጓዙ። በርኒዬ አገኛቸው፤ ስለ አባይ ምንጭም ጠየቃቸው። አውራንግዜብ በበኩሉ ኢትዮጵያ ውስጥ ለፈረሰ መስጊድ ማሳደሻ ሁለት ሺህ ሩፒ ሰጠ።

ይኸው በርኒዬ በመንገድ ያያቸውን ተራ ሰራዮች አልወደዳቸውም፤ ሰውና እንስሳ ተፋፍገው የሚያድሩባቸው ጎተራዎች አድርጎ ነው የገለጻቸው። ትችቱን አልደብቅም፤ በግመልና በበቅሎ መካከል ማደር ምን እንደሆነ የሲራራ ነጋዴ ልጅ ያውቀዋል። የጃሃናራን ሰራይ ሲያይ ግን ቃሉ ተለወጠ። ከፋርስና ከኡዝቤክ አገር የመጡ ነጋዴዎች ክፍል አግኝተው፣ በሩ ሌሊት ተዘግቶላቸው ያለ ሥጋት ሲያድሩ አይቶ፣ ፓሪስ እንዲህ ያሉ ሃያ ቤቶች ቢኖሯት ለአዲስ እንግዳ ጭንቅ ባልሆነበት ነበር ሲል ተመኘ። ያ ሰራይ ዛሬ የለም። ሕንዶች በ1857 በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ካመፁ በኋላ እንግሊዞች አፈረሱት፣ በቦታውም የማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ቆመ።

ለምን ይህን ያህል አንገበገበኝ? እኛ መንገደኛን የምናሳድር ሕዝብ ነን። አያቴ ቤት በር ላይ ማታ «የመሸበት እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» የሚል ድምፅ ሲሰማ መልሱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» ነበር። እግር ይታጠባል፣ ያለው ይቀርባል። ይህን ልማድ በምንም አልለውጠውም። ነገር ግን ሸክሙ ያረፈው በአንዲት እናት ጓዳ ላይ ነበር። ጓዳዋ ባዶ በሆነበት ዓመት እንግዳውም እርሷም ይርባቸዋል። አንዱ መንገደኛ ደግ ቤት ይገጥመዋል፣ ሌላው ውሻ ብቻ የሚመልስለት ደጅ ላይ ያድራል። ሰራይ ያንኑ ደግነት በድንጋይና በጡብ አቁሞ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ዘበኛ ቀጥሮ፣ ወጪውንም በመንግሥት ወይም በባለጸጋ ላይ አድርጎ ማንንም ሳይለምኑ የሚገቡበት ቤት አደረገው። የሱራቱን ሰራይ ብታዩ፣ በ1644 በሻህ ጃሃን ዘመን ለመካ ተጓዦች የተሠራውን፣ አሁን የከተማው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሆኖ ያገለግላል። ሰው ስለሚገባበትና ስለሚወጣበት ቆሟል።

ሌሎቹ እንደዚያ አልታደሉም። በ1860ዎቹ ባቡር ፑንጃብ ሲገባ የቀን ጉዞ የሚባለው ነገር ራሱ ጠፋ፤ ግመል በቀን የሚሄደውን ባቡር በሰዓት ጨረሰው። ሰራዮቹ የጦር ሰፈር፣ መጋዘን፣ የፖሊስ ጣቢያ፣ የእህል ማኖሪያ ሆኑ። በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ደግሞ መንገዱ ራሱ ለሁለት ተቆረጠ። ሰራይ አማናት ኻን ከድንበሩ ቅርብ ነው። የላሆር በሩ እስከ ዛሬ ላሆርን ያመለክታል፣ በእርሱ ወጥቶ ላሆር የሚገባ መንገደኛ ግን የለም። እኔ ስሄድ በክፍሎቹ ውስጥ ቤተሰቦች ይኖሩ ነበር። ጎሽ ታስሯል፣ ልብስ ተሰጥቷል፣ ሕፃናት ይጫወታሉ። ሰማያዊውና ቢጫው የበሩ ሸክላ በብዙ ቦታ ረግፏል። አንዲት እናት ሻይ አፍልተው አጠጡኝ። ቤታቸው ሰራይ መሆኑን የነገርኳቸው እኔ አልነበርኩም፤ እርሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። በመጀመሪያ ሂዱ። ፓቲያላ ያላችሁ ሻምቡን፣ ሉዲያና ያላችሁ ዶራሃን፣ ጃላንዳር ያላችሁ ኑርማሃልን፣ አምሪትሳር ወርቃማውን ቤተ መቅደስ ለማየት የምትሄዱ ሰራይ አማናት ኻንን፣ ጉጃራት ያላችሁ ሱራትን። የሰንበት አንድ ቀን ይበቃል። በሩን አይታችሁ አትመለሱ፤ ሁሉም ፎቶግራፍ የሚያነሣው በሩን ነው። ወደ ውስጥ ግቡ፣ አንዱን ክፍል ምረጡ፣ ሜትር አውጥታችሁ ወርዱንና ቁመቱን፣ የግድግዳውን ውፍረት፣ የበረንዳውን ስፋት ለኩ። በመንግሥት ጥበቃ ሥር ባለ ቦታ ለመለካት ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ጠባቂውን ቀድማችሁ ጠይቁ። ሰው በሚኖርበት ቦታ ደግሞ ግቢው የሰው ቤት ነው፤ ሳትፈቀዱ አትግቡ፣ ሰዎቹን ሳታስፈቅዱ አታንሡ።

ከዚያ ጻፉት፣ በአማርኛ። ስለ ታጅ ማሃል በቋንቋችን የሚነበብ ብዙ አለ፤ ስለ ሰራይ ግን በክፍሌ ለተማሪዎቼ የማነብላቸው ጽሑፍ አጥቼ ሁልጊዜ ከራሴ ማስታወሻ አነባለሁ። እኛ የምናስተምራቸው ልጆች ነገ የክፍለ ሀገር መናኸሪያ ይነድፋሉ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ሕፃን አዝላ አውቶቡስ የምትጠብቅ እናት የምትቀመጥበትን ጥግ የሚወስኑት እነርሱ ናቸው። የአንድ ሰራይ ክፍል በትክክለኛ ልኩ ተሥሎ በፊታቸው ቢቀመጥ እኔ በአንድ ዓመት ከምናገረው የበለጠ ያስተምራቸዋል። የሕንድ የክፍል ጓደኞቻችሁንም አብራችሁ ውሰዱ፤ ብዙዎቹ በደጃቸው ያለውን እንደ እኔ ምሽግ አድርገው አልፈውታል። ከኢትዮጵያ የመጣ ልጅ የመንደራቸውን ሰራይ በር ላይ ቆሞ ጽሕፈቱን ሲጠይቅ ያየ የአካባቢው ሰው በማግስቱ ከዚያ በር ጡብ ለመንቀል እጁ ይከብደዋል።

ሥዕሉን ስትልኩልኝ የክፍሉን ልክ ከጀርባው መጻፍ አትርሱ። እናቴን ጠይቄያታለሁ፤ በሳሎኗ ግድግዳ ላይ ከታጁ ጎን የምትሰቅልበት ቦታ አዘጋጅታለች።

አክባሪያችሁ፣
በፑንጃብ የተማረ የሥነ ሕንፃ መምህር
አዲስ አበባ